በድርቅ ወቅት የሚወጡ የውሃ ቁጠባ ደንቦች፦ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ዝናብ ሲዘገይና ግድቦች ሲጎድሉ የከተማ አስተዳደሮችና የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች የውሃ ፍጆታን የሚገድቡ ደንቦች ያወጣሉ። ለጤነኛ ሰው እነዚህ ደንቦች በአብዛኛው ምቾት የሚቀንሱ ናቸው። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የልብ ታማሚ፣ አራስ፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ላለበት ቤት ግን ውሃ የሕክምናው አካል ነው። ይህ ጽሑፍ ደንቦቹ ምን እንደሚከለክሉና ምን እንደማይከለክሉ፣ ከየትኛው ፍጆታ መቀነስ እንደሚቻልና ከየትኛው መቀነስ እንደማይገባ ያስረዳዎታል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• የውሃ ቁጠባ ደንቦች በቅድሚያ የሚገድቡት የአትክልት ማጠጫን፣ የመኪና እጥበትንና የመዋኛ ገንዳን ነው። የሚጠጡትን ውሃ እንዲቀንሱ አያዝዙም።
• በብዙ ቦታዎች የጤና ችግር ላለባቸው ሰዎች ልዩ ፈቃድ ወይም ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር አለ። ብዙ ጊዜ ግን የሚሰጠው ላመለከተ ሰው ነው።
• የመጠጥ፣ የምግብ፣ የመድኃኒትና የእጅ መታጠቢያ ውሃ በመጨረሻ የሚቀነስ ነው።
• በፈረቃ ወቅት ትልቁ የጤና አደጋ የሚመጣው ከውሃው ማነስ ብቻ ሳይሆን ከአቀማመጡ ጭምር ነው።

ደንቦቹ ምን ዓይነት ናቸው?

በድርቅ ጊዜ የሚወጡ ደንቦች ከቦታ ቦታ ቢለያዩም በአራት ይከፈላሉ።

የአጠቃቀም ክልከላ፦ በቧንቧ ውሃ አትክልት ማጠጣት፣ መኪናና ግቢ በጎማ ማጠብ፣ መዋኛ ገንዳ መሙላት ይከለከላል ወይም በተወሰኑ ቀናት ብቻ ይፈቀዳል።

የመጠን ገደብ፦ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤት በቀን የተወሰነ ሊትር ይመደባል።

ፈረቃ፦ ውሃ በየአካባቢው በተራ ይለቀቃል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን የሚታወቀው ይህ ነው። በአገራችን ፈረቃ ድርቅ ባይኖርም ይኖራል፤ የከተማው ፍላጎት ከምርቱ ሲበልጥ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ወይም ጉድጓድ ሲበላሽ ይመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር በማንኛውም የውሃ መቋረጥ ወቅት ይጠቅማል።

ታሪፍና ቅጣት፦ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚጠቀም ሰው ዋጋው ይጨምራል፤ ክልከላውን የጣሰ ይቀጣል።

የኬፕታውን ከተማ ምሳሌ

ደንብ እስከ ምን ድረስ ሊጠብቅ እንደሚችል ለማየት የደቡብ አፍሪካዋን ኬፕታውን መመልከት ይጠቅማል። ከተማዋ ከእ.ኤ.አ. 2015 እስከ 2017 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የዝናብ እጥረት ገጠማት። ከየካቲት 1 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ተደነገገ። አትክልት በቧንቧ ውሃ ማጠጣትና መኪና ማጠብ ተከለከለ፤ ሻወር ከ90 ሴኮንድ እንዳይበልጥ ተመከረ፤ ሽንት ቤት በእጣቢ ውሃ እንዲለቀቅ ተጠየቀ። ብዙ ውሃ በሚጠቀሙ ቤቶች ላይ ፍሰት የሚገድብ መሣሪያ ተገጠመ።

ግድቦቹ ከአቅማቸው ወደ 13.5 በመቶ ቢወርዱ የአብዛኛው ቤት ቧንቧ ተዘግቶ ሕዝቡ በ200 ገደማ ማደያ ጣቢያዎች በቀን 25 ሊትር ለአንድ ሰው እየተሰለፈ እንዲቀዳ ታቅዶ ነበር። ያ ቀን ሳይደርስ ቀረ። ሕዝቡ ፍጆታውን ቀነሰ፣ ዝናቡም መጣ፤ በጥቅምት 2018 ገደቡ ወደ 70 ሊትር ከፍ አለ።

ለታማሚ ቤተሰብ ከዚህ የሚወሰዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በከፋው ዕቅድ ውስጥ እንኳ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ውሃ እንዳይቋረጥባቸው ታስቦ ነበር። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት አመልክቶ ገደቡን ማስጨመር ይችል ነበር። ያላመለከተ ግን እንደማንኛውም ቤት ይቆጠራል።

ልዩ ፈቃድና ቅድሚያ እንዴት ይጠየቃል?

በኢትዮጵያ የሚኖሩ ከሆነ፦ የፈረቃ ፕሮግራሙን ከአካባቢዎ የውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ወይም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ውሃ በቦቴ ወይም በቦኖ የሚታደል ከሆነ፣ አልጋ ላይ የዋለ ታማሚ፣ አራስ ወይም አቅመ ደካማ አረጋዊ ቤትዎ መኖሩን ለሚያድሉት ሰዎች አስቀድመው ያሳውቁ። ከሚከታተልዎ ሐኪም አጭር የሕክምና ማስረጃ መያዝ ነገሩን ያቀልለዋል። ማስረጃው የበሽታውን ዝርዝር መግለጽ አያስፈልገውም፤ ታማሚው በየቀኑ ለሕክምና ውሃ እንደሚያስፈልገው ቢጽፍ ይበቃል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ፦ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2015 የግዛቱ አስተዳዳሪ ጄሪ ብራውን የከተሞች የውሃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዝዘው ነበር። አፈጻጸሙ ግን የየአካባቢው የውሃ ድርጅት ነው። ለቤቶች የውሃ በጀት የሚመድቡ በርካታ ድርጅቶች በሕክምና ምክንያት ተጨማሪ ውሃ ለሚያስፈልገው ቤት በማመልከቻ በጀቱን ያሻሽላሉ። ስልክ ደውለው በጤና ምክንያት ልዩ ፈቃድ እንደሚፈልጉ ይንገሩ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይችላሉ።

በእንግሊዝ የሚኖሩ ከሆነ፦ በድርቅ ጊዜ የሚታወጀው የጎማ ውሃ ክልከላ ለጤናና ለደኅንነት የሚደረግ አጠቃቀምን አይመለከትም። ከዚህ በተጨማሪ የውሃ ድርጅቶች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ደንበኞች ይመዘግባሉ። በቤቱ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው፣ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ጨቅላ ሕፃን ያለው ቤተሰብ ከተመዘገበ ውሃ ሲቋረጥ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ የታሸገ ውሃም ሊቀርብለት ይችላል።

ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ያስፈልጋል?

በአስቸኳይ ጊዜ የሚሠራባቸው ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል ይላሉ። ከዚህ ውስጥ ከ2.5 እስከ 3 ሊትሩ ለመጠጥና በምግብ ውስጥ ለሚገባ ውሃ፣ ከ3 እስከ 6 ሊትሩ ለማብሰያ፣ ቀሪው ለንጽሕና ነው።

ይህን ወደ ቤትዎ ሲመልሱት፣ 5 ሰው ያለበት ቤት ውሃ በየ4 ቀኑ የሚያገኝ ከሆነ 5 × 15 × 4፣ ማለትም 300 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህ 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የሚያስታምሙት ሰው ተቅማጥ፣ ቁስል ወይም የሽንት ቱቦ ካለው ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካልቻለ ለእጥበትና ለአንሶላ ተጨማሪ ውሃ ይያዙ።

ውሃ ሲያንስ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦

1. መጠጥና መድኃኒት መውሰጃ
2. ምግብ ማብሰያና የሕፃን ምግብ ማዘጋጃ
3. እጅ መታጠቢያ፣ የቁስልና የታማሚ እጥበት
4. ፊትና ገላ
5. ዕቃና ልብስ
6. ሽንት ቤት (በእጣቢ ውሃ)
7. ወለል፣ ግቢ፣ አትክልትና መኪና

ቁጠባውን ከታች ወደ ላይ ይጀምሩ። ሰባተኛው ሳይቆም አንደኛው ሊነካ አይገባም።

በብዙ ቤት የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ሲጠፋ እናቶችና አረጋውያን «ለልጆቹ ይትረፍ፣ እኔ ይቅርብኝ» ብለው ሳይጠጡ ይውላሉ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ስለሚደክም አረጋውያን ሰውነታቸው ደርቆም ላይጠማቸው ይችላል። «ይጠጣሉ?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ በብርጭቆ ቀድተው ያቅርቡላቸው። ጠዋት ለእሳቸው ብቻ በአንድ ጠርሙስ ሞልተው ቢያስቀምጡ ምን ያህል እንደጠጡ ማታ ማወቅ ይችላሉ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች

የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) የሚያደርጉ፦ የእጥበት ማሽን ብዙ ጊዜ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያሳልፋል። ስለዚህ የ4 ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ይፈልጋል። አካባቢው ፈረቃ ከገባ ማዕከሉ በቂ ማጠራቀሚያ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከቤት ሳይወጡም ደውለው ያረጋግጡ። ቀጠሮ ቢሰረዝ ምን እንደሚበሉና ምን ያህል እንደሚጠጡ ከሐኪምዎ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ። በአጠቃላይ እጥበት ሲዘገይ ጨውን፣ ፈሳሽንና ፖታሲየም የበዛባቸውን እንደ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲምና ድንች ያሉ ምግቦች መቀነስ ያስፈልጋል። ትንፋሽ ማጠር፣ ከፍተኛ ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የልብ ድካም ያለባቸው፦ ሐኪም የፈሳሽ ገደብ ሰጥቶዎት ከሆነ ገደቡ በድርቅም በሙቀትም ያው ነው። ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጨምሩ፣ አይቀንሱም።

የኩላሊት ጠጠር ያለባቸው፦ ጠጠሩ እንዳይመለስ በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ መጠን መጠጣት ይመከራል። ስለዚህ የእርስዎ የመጠጥ ድርሻ ከሌላው የቤተሰብ አባል ይበልጣል። ሲያጠራቅሙ ይህን ይቁጠሩ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው፦ ስኳር ከፍ ሲል ሽንት ይበዛል፣ ሰውነትም ቶሎ ይደርቃል። የእግር እጥበትን አያቋርጡ። ለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ እግርን መዘፍዘፍ አያስፈልግም፣ አይመከርምም። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል በደንብ ያድርቁ።

መድኃኒት የሚወስዱ፦ ሽንት የሚያበዙ እንክብሎች፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ሰውነት በደረቀ ጊዜ ኩላሊትን ሊጎዱ ወይም ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። ትውከትና ተቅማጥ ከያዘዎት መድኃኒቱን በራስዎ ከማቋረጥ ይልቅ በዚያው ቀን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያማክሩ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ሰውነትዎ በደረቀበት ጊዜ አይውሰዱ።

ሕፃናትና አራሶች፦ ከ6 ወር በታች የሆነና ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በሙቀትም ቢሆን ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም። ውሃ የሚያስፈልጋት እናቱ ናት። የዱቄት ወተት የሚጠቀም ከሆነ ውሃው መፍላት አለበት፤ ወተቱን ለማብዛት ወይም ውሃ ለመቆጠብ ብለው መጠኑን አይለውጡ።

ቀዶ ሕክምና ያደረጉና ነፍሰ ጡሮች፦ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ የቡአ ወይም ሌላ የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ መሸከም የለበትም። ውሃ ሲመጣ ማን እንደሚቀዳ አስቀድመው ይወስኑ፤ ካስፈለገም ጎረቤት ይጠይቁ።

ንጽሕናን በጥቂት ውሃ መጠበቅ

ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀረው እጅና ፊት መታጠብ ነው። ውጤቱም ቶሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በነበረው ድርቅ በአማራ ክልል እከክ በስፋት ተሰራጭቶ ነበር። የፊት ንጽሕና ሲጓደል ደግሞ ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ በቀላሉ ይተላለፋል።

እጅ ለመታጠብ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። በጆግ እያፈሰሱ ማስታጠብ ከተከፈተ ቧንቧ እጅግ ይቆጥባል። ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጠው ቢሰቅሉም ቀጭን ፍሰት ያገኛሉ። እጅን አርጥቡ፣ ሳሙና ቀብታችሁ 20 ሴኮንድ እሹ፣ ከዚያ ብቻ አለቅልቁ ብለው ለልጆች ያስተምሯቸው። ሳሙና ሲታሽ ውሃ መፍሰስ የለበትም። ሳኒታይዘር እጅ ሲቆሽሽ ወይም ቤት ውስጥ ተቅማጥ ሲኖር የሳሙናን ቦታ አይተካም።

ውሃን ማጠራቀም

• ቀድሞ ኬሚካል፣ ነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት በነበረበት ዕቃ ውሃ አይያዙ።
• ለመጠጥ አፉ ጠባብና ክዳን ያለው ጀሪካን ይምረጡ። በርሜልና ሮቶ ለሌላ አገልግሎት ይሁኑ።
• የመጠጥ ውሃን አዘንብለው ይቅዱ እንጂ ኩባያና እጅ አያስገቡ።
• ከፈረቃ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ ለመጠጥ አይውሰዱ። ውሃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወድቅ በስንጥቅ በኩል ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ውሃው እስኪጠራ በባልዲ ይቀበሉት፤ ለሽንት ቤትና ለወለል ይሆናል።
• ማጠራቀሚያውን ሁልጊዜ ይክደኑ፤ በየሳምንቱ ባዶ አድርገው ግድግዳውን ፈትገው ይጠቡ።

የመጨረሻው ነጥብ ከተቅማጥ ብቻ ሳይሆን ከትንኝ ጋርም የተያያዘ ነው። የዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች፤ በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝም በከተማ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች። ቆላማ ከተማ የሚኖሩ ከሆነ ያልተከደነ በርሜል በግቢዎ አይተዉ፤ ትኩሳት ሲመጣም ወዲያውኑ ይመርመሩ።

ውሃን ለመጠጥ ማከም

ማፍላት፦ ውሃው መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ያፍሉት። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው እንደ አዲስ አበባ፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ባሉ ቦታዎች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። በዚያው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀዝቅዝ።

ክሎሪን፦ እንደ ውሃ አጋር ያሉ ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የተዘጋጁ ምርቶችን መለያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨምሩና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ አስረግተው በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት፤ በደፈረሰ ውሃ ክሎሪን ኃይሉ ይቀንሳል። የልብስ በረኪና መጠኑ ከምርት ምርት ስለሚለያይ በግምት አይጨምሩ።

ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያስወግድም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ቢፈላም ፍሎራይዱ አይወጣም። በድርቅ ምክንያት ወደ አዲስ ጉድጓድ ከዞሩ ውሃው መመርመሩን ይጠይቁ።

እጣቢ ውሃን መልሶ መጠቀም

የገላና የልብስ እጣቢን ለሽንት ቤት ማዋል ብዙ ደንቦች የሚያበረታቱት ቁጠባ ነው። በዚያው ቀን ይጠቀሙበት፣ ከመጠጥ ውሃ ያርቁት፣ ከነኩት በኋላ እጅዎን ይታጠቡ። የሕፃን ዳይፐር ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ልብስ የታጠበበትን እጣቢ ግን ወዲያውኑ ወደ ሽንት ቤት ይድፉት። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ወይም የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች እጣቢ ባይሸከሙ ይመረጣል።

ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ብዛት ያለው ተቅማጥ ሲኖር፣ ትውከት ቢኖረውም ባይኖረውም። ይህ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል።
• ሕፃኑ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከ6 ሰዓት በላይ ካልሸና ወይም ከደነዘዘ።
• ትልቅ ሰው ሽንቱ በጣም ከጠቆረ ወይም ከቆመ፣ ሲነሳ ከዞረበት ወይም ግራ ከተጋባ።
• የስኳር ታማሚ ከትውከት ጋር በፍጥነት የሚተነፍስ ከሆነ።

ወደ ጤና ጣቢያው እስኪደርሱ ድረስ ኦ.አር.ኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በተከመረ ንጹሕ ውሃ ሳይሆን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ ይስጡ። የኩላሊት እጥበት ወይም የልብ ድካም ታማሚ ከሆነ መጠኑን ለሐኪሙ ደውለው ይጠይቁ።

ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት

ዛሬ አራት ነገር ቢያደርጉ ይጠቅምዎታል። የፈረቃ ቀንዎን በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ለታማሚው በቀን የሚያስፈልገውን ሊትር አስልተው የእሱን ጀሪካን ለይተው ያስቀምጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ውሃ ቢቋረጥ ምን ላድርግ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ማስረጃም ያጽፉ። የፋርማሲውን፣ የጤና ጣቢያውንና የውሃ ቅርንጫፉን ስልክ በአንድ ላይ ይያዙ። ደንቡ የሚጠይቅዎት ከትርፉ ፍጆታ እንዲቆጥቡ ነው፤ ለሕክምና የሚያስፈልግዎትን ውሃ መጠየቅ ግን መብትዎ ነው።